የድኽነት ልክና የዳባት ገበያ

ነጋዴ ሚዛኑን ሳያስተካክል ቢሸጥ ወይ ራሱን ወይ ደንበኛውን ይጎዳል። እንዲሁም የድኽነትን ልክ ሳያረጋግጥ የሚታቀድ የመንግሥት ሥራ ለማያስፈልገው ሲሰጥ የሚያስፈልገውን ይዘነጋል። ስለዚህ የድኽነት አለካክ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን ነጋዴንም በቀጥታ የሚመለከት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ልክ የሚገኘው ቤተሰቦች የሚበሉትና የሚያወጡት በናሙና እየተጠየቀ ነው። በመጀመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ካሎሪ የሚያገኝበት ምግብ ይተመናል፤ ቀጥሎም ለልብስ፣ ለመጠለያና ለመሳሰለው የሚያስፈልገው ይታከልበታል። በ2008 ዓ.ም. ይህ ወለል ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ሆኖ ተወስኖ ነበር፤ ከዚህም 3,772 ብሩ የምግብ ድርሻ ነው። በቀን ሲካፈል ጠቅላላው ሃያ ብር አይሞላም።

በዚሁ ዐይነት ስሌት ከወለሉ በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. ከመቶ 45.5፣ በ2003 ዓ.ም. 29.6፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 23.5 ሆኖ ተመዝግቧል። በ2008ቱ ጥናት የገጠሩ ከመቶ 25.6፣ የከተማው 14.8፣ የአማራ ክልል 26.1 ነበር። መሻሻሉ የሚያስደስት መሆኑ አይካድም። ዳሩ ግን የክልል አማካይ ቁጥር የዳባትን ገበሬ ከባሕር ዳር ነዋሪ ጋር በአንድ ከረጢት ይከትተዋል።

የዳባትና የደባርቅ ባለሱቅ ይህን በየዓመቱ በመዝገቡ ላይ ያየዋል። ገበሬው ገብሱንና ባቄላውን በመኸር፣ ዋጋ ዝቅ ባለበት ጊዜ ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ያንኑ እህል ተወድዶ ይገዛል፤ ጨውና ሳሙናም በዱቤ ይወስዳል። በጥር የተጠየቀ ቤተሰብ ከወለሉ በላይ ሆኖ ሊቈጠር፣ በነሐሴ ቢጠየቅ ግን ከወለሉ በታች ሊገኝ ይችላል። ወቅትን ያላገናዘበ ቈጠራ ግማሹን እውነት ያስቀራል።

ከዚህም በላይ ዘመኑ ተለውጧል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ ሕይወትና ንብረት አጥፍቷል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደ ተነሣ አስመጪዎች ያውቁታል። በ2008 ዓ.ም. ዋጋ የተቈረጠ ወለል የዛሬውን ችግር ሊለካ ከቶ አይችልም።

ልኩን በማስተካከል ረገድ የነጋዴው ድርሻ ታላቅ ነው። ወለሉ የሚተመነው ከገበያ በሚሰበሰብ ዋጋ ነውና። አንዳንዱ ነጋዴ ግብር ይጨመርብኛል፣ ወይም ዋጋ አስወደድህ ተብዬ እቀጣለሁ በማለት ለጠያቂው ዝቅ ያለውን ዋጋ ይነግራል። ሥጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሆኖም የስታቲስቲክስ ሕግ የግለሰብ መረጃ በምሥጢር እንዲጠበቅ ያዝዛል፤ የግብር ሰብሳቢውም ይህን ማክበር ግዴታው ነው። የተዋሸው ዋጋ ወለሉን ዝቅ ሲያደርግ ችግረኛው ከድኾች ቈጠራ ይወጣል። ከቈጠራ የወጣ ሰው ርዳታ አያገኝም፤ ዱቤውንም አይከፍልም። እንግዲህ የውሸቱ ኪሣራ ተመልሶ ወደ ሱቁ ይገባል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ሊደረግ ይገባል። አንደኛ፣ የንግድ ምክር ቤቶች የእህልና የሸቀጥን ዋጋ በየሳምንቱ መዝግበው ይያዙ፤ ቁናውና ጣሳው ከገበያ ገበያ ስለሚለያይም ሁሉ በኪሎ ይመዘን። ሁለተኛ፣ መንግሥት የድኽነቱን ልክ እስከ ወረዳ አውርዶ ይግለጥ። ሦስተኛ፣ በዳባት ያለው መዝገብ ሥራ ላይ ይዋል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የጥናት ጣቢያ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚወለደውን፣ የሚሞተውንና የሚፈልሰውን ሲመዘግብ ኖሯልና፣ እንዲህ ያለ ሀብት ያለው ወረዳ በግምት ሊተዳደር አይገባውም።

ቁጥር እንጀራ አይሆንም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን እንጀራው ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ቁጥሩ ነው። ሚዛኑን የሚጠብቅ ነጋዴ ይህንንም ሚዛን ሊጠብቅ ይገባዋል።