ዳንቴል የለበሰው ማሽን

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ስንቶቻችሁ ቤት ነው "ፉል አውቶማቲክ" የልብስ ማጠቢያ ማሽን ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው? አትፈሩ፣ ስም አልጠራም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ያውም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ቧንቧው ግፊት ካልሰጠው ፍንክች የማይል ማሽን መግዛት ምን የሚሉት ዘመናዊነት ነው? ውሃው እኩለ ሌሊት ይመጣል። እሰይ ብላችሁ ስትጀምሩ መብራት ይሄዳል፤ በሩ እንደተቆለፈ አረፋ ውስጥ የታሰረ ሸሚዛችሁን በመስታወት እያያችሁ ትተኛላችሁ። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ከአቅም በላይ መጥቶ ቦርዱን ያቃጥለዋል። ሠራተኛዋ እንደ ድሮው ሳፋ ላይ ታጎነብሳለች፤ አሁን የማሽኑም ዳንቴል ተጨምሮባታል!

እኔ የምሟገተው ለዚያ ለምትንቁት ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን ነው። ከጀሪካን በባልዲ ትሞሉታላችሁ። ሰዓቱ በእጅ የሚዞር ነው፤ ቀበቶው ቢበጠስ የሰፈር ጠጋኝ ይቀይረዋል። በአንድ የሳሙና ውሃ መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ ባለቀለሙን፣ በመጨረሻ ካልሲውን ታጥባላችሁ፤ ያለቀለቃችሁበት ለሽንት ቤት ይተርፋል። አዎ፣ ልብሱን ከገንዳ ወደ ገንዳ በእጅ ማዛወር አለ። ከሳፋው ግን ይሻላል።

ማድረቂያስ? ከጥቅምት ጀምሮ ፀሐይ በነፃ እያለች ከእንጀራ ምጣድ ጋር በመብራት ፍጆታ የሚፎካከር ማሽን? ለክረምቱም ሁለተኛው ገንዳ አሽከርክሮ ይጨምቀዋል፤ የቀረውን የበረንዳ ገመድ ይጨርሰዋል።

ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩን "ስንት ፕሮግራም አለው?" አትበሉት። "ቀበቶና የመጭመቂያው ፍሬን መለዋወጫ አለህ?" በሉት። ዝም ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ።