የመኪና ዓምድ፦ የተርቦ መኪና ካንዴላ መቼ ይቀየራል?

ባለፈው ስለ ራዲያተር ከጻፍን ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ዛሬ አንዱን ብቻ መርጠን ሙሉ ገጹን ሰጥተነዋል፤ ነገሩ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ስለሆነ ነው።

ጠያቂዋ እዚሁ ካምፕ ያሉ እናት ናቸው። ልጃቸው ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ማንያታ ሰፈር ይኖራል። ቤተሰቡ ዕቁቡን አውጥቶ፣ ውጭ ያለ ዘመድም ጨምሮበት፣ ተርቦ ያለው ሱባሩ ፎርስተር ገዝተውለት ወደ ማርሳቢት ሰው ያመላልስበታል። «ሜዳ ላይ ምንም አትል፤ ሰው ሞልታ ዳገት ስትይዝ ግን ትንተባተባለች» ይላሉ እትዬ። አንዱ መካኒክ «ካንዴላው ኢሪዲየም ነው፣ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ገና ነው» አለው። ሌላው «ዛሬውኑ ቀይር» አለው። «የማንን እንስማ? አራት ካንዴላ ለኛ የወር አስቤዛ ነው» ብለው ነው ደብዳቤውን የዘጉት።

እትዬ፣ የመጀመሪያው መካኒክ አልዋሸም። ለብዙ መኪና የፋብሪካው መጽሐፍ ለኢሪዲየምና ለፕላቲኒየም ካንዴላ ወደ 100,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዕድሜ ይሰጣል። ግን መጽሐፉ የተጻፈው ቤንዚኑ ንጹሕ፣ ካንዴላው ትክክለኛ፣ ቆጠራውም ከዜሮ የተጀመረ ነው ተብሎ ነው። የልጅዎ መኪና ከነዚህ ከሦስቱ ስንቱን ታሟላለች?

መጀመሪያ ተርቦው ለምን ካንዴላ እንደሚያስቸግር እንይ። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ያሽከረክራል፤ እሷም አየር ጠቅጥቃ ወደ ሞተሩ ታስገባለች። ጉልበቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ካንዴላው ደግሞ እሳት የሚጭረው በሁለት ጫፎቹ መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ነው። አየሩ በተጠቀጠቀ ቁጥር ብልጭታው ያቺን ክፍተት ለመዝለል የበለጠ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ተርቦ በሌለው መኪና ክፍተቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስትሆን በብዙ ተርቦ መኪና ላይ 0.7 ወይም 0.8 የምትሆነው። ከጊዜ ብዛት ጫፉ ይበላል፣ ክፍተቷም ትሰፋለች። ሜዳ ላይ ተርቦው ብዙ ስለማይገፋ አይታወቅም። ሰባት ሰው ተጭኖ (አምስት መሆን ነበረበት፣ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው) ዳገቱ ሲመጣ ግን ተርቦው ይገፋል፣ ብልጭታው ይስታል፣ መኪናዋም ትንተባተባለች። እትዬ ሳያውቁት በሽታውን በደንብ ነግረውናል።

ዝም ብሎ መንዳትም ሌላ ዕዳ ያመጣል። ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ ቦቢናውን ከአቅሙ በላይ ያሠራዋል፤ አንድ ቦቢና ደግሞ ከአንድ ካንዴላ እጅግ ይወደዳል። ሳይቃጠል የወጣው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብቶ እዚያ ይቃጠላል፤ ካታሊስቱ ከተበላሸ የወር አስቤዛ ሳይሆን የመንፈቅ ነው የሚጠይቀው።

አሁን ወደ ቆጠራው። ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ የቆየ መኪና እንዲገባ አትፈቅድም፤ ታዲያ የሚገባው አብዛኛው ያገለገለ ነው። በፊት ማን እንደነዳው፣ ካንዴላው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። ቆጣሪውን ወደ ኋላ የሚመልሱም አሉ። ስለዚህ መኪና ሲገዛ ካንዴላ ቀይሮ ከዚያ መቁጠር መጀመር ነው የሚሻለው።

ቤንዚኑም አለ። ድንበር ላይ በጀሪካን የሚሸጠው ምን እንደተቀላቀለበት በዓይን አይታወቅም። የኬንያ መንግሥት በ2018 (እ.ኤ.አ.) በላምባ ላይ በሊትር 18 ሽልንግ የጨመረው ላምባ ከነዳጅ ጋር እየተቀላቀለ ስላስቸገረ ነው። ላምባ የገባበት ቤንዚን ተርቦ ሞተር ውስጥ ሰዓቱን ሳይጠብቅ ይቀጣጠላል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ የካንዴላው ነጭ ሸክላም ይሰነጠቃል።

እንግዲህ የኛ ግምት ይህ ነው። ተርቦ መኪና ላይ ተራው የኒኬል ካንዴላ ከ15,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይቀየር። ፕላቲኒየም ወይም ኢሪዲየም ከሆነ 40,000 ላይ ወጥቶ ይታይ፤ በኛ መንገድና በኛ ቤንዚን ከ60,000 ባይዘል ጥሩ ነው። የመኪናው መጽሐፍ ከዚህ ያነሰ ካለ መጽሐፉን ስሙ።

ከመካከላችን አንዱ በቅርቡ ለጉዳይ ሞያሌ ሄዶ ስለነበር ማንያታ ድረስ ሄደን መኪናዋን አየናት። ልጁ «ባለፈው ዓመት አራቱንም አስቀይሬ ከፍያለሁ» አለን። የሱባሩ ሞተር ፒስቶኖቹ ወደ ግራና ቀኝ የተኙ ስለሆኑ ካንዴላው ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው ያለው፤ ቦታው ጠባብ ነው፣ እጅ ይልጣል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጥተን፣ ከጎሚስታው አየር አስነፍተን አቧራውን አስወገድን፤ ይህ ካልተደረገ አቧራው ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። የፊቶቹ ሁለት አዲስ ናቸው፣ ጫፋቸው ፈካ ያለ ቡናማ፣ ጤነኛ። የኋለኞቹ ሁለት ግን ጫፋቸው ተበልቶ ያለቀ፣ ከመኪናዋ ጋር አብረው የመጡ ይመስላሉ። ለአራት ተከፍሎ ሁለት ነው የተቀየረው! ጋራዡን አንጠራም፤ ለናንተ ግን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ካንዴላ ስታስቀይሩ አሮጌዎቹን ሁሉ ቆጥራችሁ ተቀበሉ።

አሮጌውን መቀበል ሌላም ጥቅም አለው። ጥላሸት የመሰለ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም የአየር ፊልትሮው ታፍኗል። ዘይት ከነካው ፋሻውን ወይም ተርቦውን አስመርምሩ። ነጭ ሆኖ የተኮማተረ ከሆነ ከመጠን በላይ ግሏል፤ ቁጥሩ የተሳሳተ ካንዴላም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የሙቀት ዓይነቱን ስለሚያሳይ «ይገጥማል» ተብሎ ብቻ አይገዛም። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቶሎ የሚቀዘቅዝ ይሆናል፤ በቦሽ ግን ተቃራኒው ነው። የሐሰት ካንዴላም በገበያ አለ፤ እውነተኛው ኢሪዲየም መሃል ያለው ጫፉ እንደ መርፌ ቀጭን ነው። እሱን በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት፣ ይበላሻል።

ሲታሰር ጥርሱ እስኪይዝ በእጅ ብቻ ይዙር። አዲስና ማጠቢያ ቀለበት ያለው ከሆነ በእጅ ከጠበቀ በኋላ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ይበቃዋል። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ጉልበተኛ መካኒክ ጥርሱን ይበላዋል።

ካምፕ ውስጥ ጄኔሬተርና ሞተር ሳይክል ያላችሁ፣ የናንተው ተርቦ የለውም፤ ካንዴላውም ርካሽ ነው፤ አንድ ትርፍ አስቀምጡ። ኢሱዙ ወይም የናፍጣ ላንድክሩዘር ያላችሁ ደግሞ ተርቦ ቢኖረውም እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም፤ ያለው ጠዋት የሚያሞቀው ካንዴሌታ ነው። «የኢሱዙህን ካንዴላ ቀየርኩ» የሚላችሁ ካለ የት እንዳለ ያሳያችሁ።

ለልጁ አራት አዲስ ተገዝቶ ተገጠመ። በማግስቱ ሙሉ ሰው ጭኖ ማርሳቢት ደርሶ ተመልሷል፤ ዳገቱ ላይ አልተንተባተበችም። ኮፈኑን ከፍቶ ከውስጥ በኩል ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በማርከር ጽፎበታል። እትዬ፣ አሮጌዎቹን አራት ካንዴላዎች ከዚህ ጋዜጣ ጋር ልከንልዎታል።