«እማዬ እንዳትሰማ!»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ብዙ ናቸው፤ አንዷ ግን ሌሎቹን ሁሉ ወደ ጎን አስብላኛለች። ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ስሜንም ሰፈሬንም አትጻፍብኝ ስላለኝ አልጽፍም። አሳጥሬ ሳቀርባት እንዲህ ትላለች።

«ታናሽ እህቴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ለቤተሰብ ቅዳሜ ቅዳሜ የግሩፕ ጥናት አለኝ ትላለች፤ እውነቱ ግን ኳስ ነው የምትጫወተው፤ በረኛ ናት። በአጋጣሚ ደርሼባት ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ባለፈው ሳምንት ጣቶቿ አብጠው መጣች። እማዬ ስትጠይቃት በር ቀጠቀጠኝ አለች። እኔም ‹አዎ፣ እያየሁ ነው› ብዬ መሰከርኩላት። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልናገር ወይስ ዝም ልበል?»

አይ ወንድሜ! እኔም እንዳንተው በሐሰት መስክሬ ተይዤ አውቃለሁ። ዳኛዋ ደግሞ ታላቅ እህቴ ነበረች። እስቲ የኔን ጉድ ልንገርህና ከዚያ ወዳንተ እንመለሳለን።

ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ነው። የሁዳዴ ጾም ሊፈታ ሳምንት ቀርቶታል። እኔ እህቴን ልጠይቅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሄጃለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትባለውን ከተማ የሰማ ያውቃታል፤ ከግሮሰሪው እስከ ጸጉር ቤቱ አማርኛ ብቻ ተናግረህ ውለህ የምትገባባት ናት። የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት። እዚያው ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ደህና ቢሆንም «አንቱ» እና «አንተ» ይቀላቀልባታል። «ጋሼ፣ አንተ ቡና ይፈልጋሉ?» ትለኛለች። ደስ ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት «ጋሼ፣ ላይብረሪያችንን ላሳይህ» አለችኝ። እህቴ ደስ አላት። «ሂድ እስቲ፣ አንተ እንኳ መጽሐፍ ትወዳለህ» አለችና የጾም በያይነቱ በሳህን አሽጋ ምሳ ቋጠረችልን። መኪናው ገና ከሰፈር እንደወጣ ልጅት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ላይብረሪ አይደለም የምንሄደው። እኔ ራግቢ ነው የምጫወተው። እማዬ እንዳትሰማ!» አለችኝ።

ራግቢ? ያ እንቁላል የመሰለውን ኳስ ይዘው እንደ በሬ የሚጋጩበት? ሳቀች። «እሱ ነው፤ ግን ሰባት ለሰባት ነው» አለችኝ። ለጊዜው ሰባት ሲሆን የሚጋጨው ሰው ያነሰ መስሎኝ ተጽናናሁ። ኋላ ነው ሒሳቡ የገባኝ። ሜዳው አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት የሚጫወቱበት ያው ትልቁ ሜዳ ነው። ሰው ሲቀንስ ባዶ ቦታው ይሰፋል፤ ቦታው ሲሰፋ ሩጫው ይፈጥናል፤ ሩጫው ሲፈጥን ግጭቱ... ተዉት።

የደረስንበት ቦታ ቦይድስ ይባላል። ከሃያ በላይ ሜዳ ያለው የስፖርት ማዕከል ነው። በየመስመሩ ድንኳን ተተክሏል፤ በአንዱ ሜዳ ወንዶች፣ በሚቀጥለው ሴቶች ይጫወታሉ። በመላ አሜሪካ ካሉ ኮሌጆች የመጡ ናቸው። ውድድሩ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ኦሃዮ፣ ኮለምበስ ላይ ተጀምሮ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ፊላዴልፊያ አጠገብ ወደምትገኘው ቼስተር ሄደ፤ በቴሌቪዥንም ታየ። ከጊዜ በኋላ ነው ሜሪላንድ የገባው፤ የሐበሻ ሰፈር አፍንጫ ሥር ማለት ነው።

ስለ ጨዋታው ያልሰማ ካለ ባጭሩ ልበል። አንድ ግጥሚያ 14 ደቂቃ ነው፤ ሰባት ሰባት ደቂቃ። ኳስ በእጅ ወደ ፊት አይቀበልም፤ ወደ ጎን ወይ ወደ ኋላ ብቻ ነው። ከመጨረሻው መስመር አልፎ ኳሷን መሬት ያስነካ 5 ነጥብ ያገኛል፤ ቀጥሎ በምት በምሶሶዎቹ መካከል ካሳለፈ 2 ይጨመርለታል። የያዘውን ሰው ጠልፎ መጣል ሳይሆን አቅፎ መጣል ይፈቀዳል፤ ከትከሻ በላይ ከያዝክ ግን ጥፋት ነው። ነገሩን የጀመሩት በ1883 (እ.ኤ.አ.) ሜልሮዝ የምትባል የስኮትላንድ ከተማ ሰዎች ናቸው። ክለቡ ገንዘብ ቸግሮት አንድ ሥጋ ሻጭ ያመጣው ሐሳብ ነው ይባላል። ሥጋ ሻጭ መሆኑ አልገረመኝም! ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ሪዮ ጀምሮ በወንድም በሴትም የኦሊምፒክ ጨዋታ ሆኗል። ጎረቤታችን ኬንያማ ስንቱን አልፋ በዚያው ዓመት ሲንጋፖር ላይ ፊጂን 30 ለ7 አሸንፋ ዋንጫ ወስዳለች። እኛ በሩጫ ስናወራ እነሱ በዚህም ሮጠዋል።

የመጀመሪያውን ግጥሚያ አሸነፉ። እኔ በበኩሌ ዓይኔን በጣቶቼ መሐል ነበር ያየሁት። ያቺ ቤት ውስጥ ሳህን ስታነሳ የምትለሰልስ ልጅ፣ እሷን ሁለት የምታክል አንዲት ጠብደል ሮጣ ስትመጣባት ዝቅ ብላ ወገቧን አቅፋ ጣለቻት። ዘልዬ «ጎሽ!» አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። ምሳ ሰዓት ላይ የእህቴን ምስርና ጎመን ከነጓደኞቿ ድንኳን ሥር ከበን ጨረስነው። አንዷ ፈረንጅ ጣቷን እየላሰች «እናትሽ ለምን አትመጣም?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅት መልስ አልሰጠችም። ዞር ብዬ ሳይ በየሜዳው ዳር ታጣፊ ወንበር ዘርግተው፣ የበረዶ ሣጥን አስቀምጠው የተቀመጡት ሁሉ እናትና አባቶች ናቸው።

በሁለተኛው ግጥሚያ ነው ነገሩ የተበላሸው። ልትይዝ ስትወረወር ጭንቅላቷ ከአንዷ ጉልበት ጋር ተጋጨ። ወዲያው ተነሳች። እኔም «እሰይ» አልኩ። ግን የተነሳችው ወደ ተጋጣሚዎቿ ወገን ነበር። ሐኪሟ ሮጣ ገብታ አወጣቻት። «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። «ስንት ለስንት ናችሁ?» ተባለች። የነገረቻት ውጤት የጠዋቱን ነው።

በቃ። የአንጎል መናወጥ ከተጠረጠረ በዚያ ቀን ተመልሶ ሜዳ መግባት የለም፤ የፈለገ ደህና ነኝ ቢሉ አይሰማም። ሐኪሟ ወደኔ ዞራ ምልክቶቹን ቆጠረችልኝ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካስመለሳት፣ ከተደናገረች፣ ለመንቃት ካስቸገረች በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «ዛሬ ማታ ማን ነው አጠገቧ የሚሆነው?»

«እናቷ» አልኩ። ስናገረው ነው የገባኝ። እናቷ ምን እንደምትጠብቅ ካላወቀች ልጅቷ ደክሟት የተኛች ነው የሚመስላት።

በመኪና ስንመለስ (የነዳችው ጓደኛዋ ናት) ልጅት አለቀሰች። «ጋሼ፣ ለእማዬ ከነገርክ ከዛሬ ጀምሮ አጎቴ አይደለህም» አለችኝ። እኔም «እሺ፣ አጎትሽ አልሁን። ግን እራት ከመቅረቡ በፊት አንቺ ትነግሪያታለሽ፤ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ» አልኳት። ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንደርስ አልተነጋገርንም።

ነገረቻት። እንግሊዝኛና አማርኛ እየቀላቀለች፣ መሬት መሬት እያየች ነገረቻት። እህቴ አልጮኸችም። መጀመሪያ የልጇን ጭንቅላት እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ይዛ ዳበሰች። ከዚያ ነርስ የሆነች ዘመዳችን ጋ ደወለች። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ልጅቷ ክፍል እየገባች እስትንፋሷን ስታዳምጥ አደረች። ወደ እኩለ ሌሊት ግድም ሳሎን ቁጭ ብዬ አገኘችኝ። «እሷስ ልጅ ናት» አለችኝ። «አንተ ግን ምሳ አስቋጥረኸኝ ሄድክ።»

ወገኖቼ፣ በዱላ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ማግስቱ ሆሳዕና ነበር። ልጅት ባትጫወትም ጓደኞቿን ልይ ብላ ለመነች። እህቴ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ የዘንባባውን ቀለበት ጣቷ ላይ እንዳሰረች «ውሰዱኝና ልየው» አለች። ራግቢ ሜዳ ላይ በነጭ ነጠላ ምን እንደምትመስል አስቡት! ገና እንደደረስን አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ወንበሯን ጥላ መጣችና አቀፈቻት። የቡድኑ ልጅ እናት ናት። ልጅሽ እኮ የኔም ልጅ ናት፣ ስንቴ እቤታችን አድራለች፣ ለውድድር ስንሄድ ሁሌ በኔ መኪና ነው የምትሄደው፣ እያለች አወራቻት። እህቴ ፈገግ ብላ አመሰገነች። ሴትዮዋ ስትሄድ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን ሌላ እናት ስታበላልኝ ኖራለች» አለች። ልጅት ይህን ሰማች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እማዬ አትረዳኝም» ስትል የከረመች ልጅ፣ የዚያን ጊዜ ነው እናቷ ላይ ያደረገችው ነገር የገባት። ምንም አላለችም፤ ሄዳ ነጠላዋ ሥር ገባች።

እህቴ ታረቀች እንዳትሉ! እስከ ዛሬ ራግቢ አትወድም። ግጥሚያ ስታይ ፊቷን አዙራ በየደቂቃው «አለቀ?» ትላለች፤ ደግነቱ 14 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዋም የሐበሻ እናት ጥያቄ ነበር፦ «ስኮላርሺፕ አለው?» ለሴቶች ራግቢን እንደ መደበኛ የኮሌጅ ስፖርት የያዙ አንዳንድ ኮሌጆች አሉ፤ የእህቴ ልጅ ቡድን ግን ክለብ ነው፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው አዋጥተው ነው የሚጫወቱት። ይህን ስትሰማ ሌላ ጸብ! በመጨረሻ በቅድመ ሁኔታ ተስማሙ። ሐኪም ተመልክቶ በጽሑፍ ሳይፈቅድ፣ ልምምዱንም ደረጃ በደረጃ ሳትጀምር ወደ ግጥሚያ መመለስ የለም፤ የት እንደምትጫወት እናት ታውቃለች፤ «ላይብረሪ» የሚለው ቃል ከቤት ወጣ።

ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ የአሜሪካ ሴቶች አውስትራሊያን በመጨረሻዋ ሴኮንድ 14 ለ12 አሸንፈው ነሐስ ወስደዋል። አንዷ ከራሷ ሜዳ ጫፍ ተነስታ ነው ሮጣ የጨረሰችው። «ጋሼ፣ አየህ?» ትላለች ልጅት። ከኋላዋ የእህቴ ድምጽ ይሰማኛል፦ «ጥርሷን መከላከያ አድርጋለች ወይ በላት፣ አላየሁም።»

እንግዲህ ወደ አንተ ልመለስ። እናትህ ጋ ሄደህ አትናገር፤ ቢያንስ ገና። ወሬው ከእህትህ አፍ መውጣት አለበት፤ ካንተ ከወጣ እናትህ የምትሰማው ስለ ኳስ ሳይሆን ስለ ክህደት ነው። ለእህትህ ቀን ቁረጥላት፤ «እስከ ቅዳሜ» በላት፤ ስትናገርም አጠገቧ ተቀመጥ። የበሩን ውሸት ግን ያንተን ድርሻ ራስህ ንገር፤ እሷ ልትሸፍንልህ አትችልም። ከዚያ በፊት ሄደህ ስትጫወት እያት። ሳታያት የምትከራከርላት ከሆነ አያምርብህም። እነዚያን ጣቶች ደግሞ ሆስፒታል ወስደህ ራጅ አስነሳቸው፤ ወጌሻ አሽቶት ይለቀዋል ብላችሁ እንዳትቀመጡ፣ በረኛ በጣቷ ነው የምትኖረው።

መሐላውን ፈራሁ ብለሃል። እሺ፣ የጣት ነገር ከሆነ እስከ ቅዳሜ ይቆይልህ። ጭንቅላቷን የተመታች ቀን ግን እስከ ማታም አትጠብቅ።

ምን እንደተባባላችሁ ጻፍልኝ። ቸር ሰንብቱ።