ነገርን ከሥሩ፤ ደራሲንስ ከየት?

ሰሞኑን በተማሪዎች መካከል አንድ የቆየ ክርክር እንደ ገና ተነሥቷል። የክርክሩ መነሻ ተስፋዬ ገብረአብ በ1992 ዓ.ም. ያሳተመው «የቡርቃ ዝምታ» የተባለው ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ አርሲን መቼቱ ያደረገ ስለ ሆነ፣ በአሰላና በአካባቢዋ ላደግን ተማሪዎች ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ደራሲው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል፤ ክርክሩ ግን አብሮት አልተቀበረም። እኔም በበኩሌ የሚሰማኝን አሳብ ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ለመግለጽ ብዕሬን አነሣሁ።

ክርክሩን በጥሞና የተከታተለ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ይታየዋል። ይኸውም ጭቅጭቁ ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ደራሲው የዘር ሐረግ መሆኑ ነው። አንደኛው ወገን «ቢሾፍቱ ይወለድ እንጂ ወላጆቹ ኤርትራውያን ናቸው፤ በኦሮሞና በአማራ መካከል ምን ጥልቅ አደረገው? ያውም የኢሕአዴግ ጋዜጠኛ ሆኖ!» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ባዕድ ሆኖ ሳለ የእኛን እንባ አይቷል፤ ስለዚህ የጻፈው ሁሉ እውነት ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱ ወገኖች የማይታረቁ ይምሰሉ እንጂ ስሕተታቸው አንድ ነው። ሁለቱም መጽሐፉን ከድነው ሰውዬውን ያነባሉ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላልና የደራሲን አስተዳደግ መጠየቅ ነውር ነው አልልም። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርት ባይማሩ ኖሮ፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» የካህናቱንና የባላባቱን ኑሮ ያን ያህል አጥርቶ ባላሳየ ነበር። በዓሉ ግርማም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆኖ የቀይ ኮከብን ዘመቻ በቅርብ ባያይ ኖሮ፣ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ለመጻፍ ባልቻለ ነበር። እንግዲህ አስተዳደግና ሥራ ደራሲው በየትኛው መስኮት እንደ ተመለከተ ይነግሩናል። ያየውን በትክክል መሳሉን ግን አይነግሩንም፤ ይህን የሚነግረን መጽሐፉ ራሱ ነው።

የበዓሉ አባት ሕንዳዊ ነበሩ፤ ነገር ግን «ስለ አሥመራ ምን አገባው?» ሲባል አልሰማሁም። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት ድርሰት እስከ ዛሬ የአማርኛ ልብ ወለድ መጀመሪያ ተብሎ ይጠራል። ከጣልያን ጋር ማበራቸው አልተረሳም፤ መጽሐፋቸውን ግን ከመደርደሪያ አላወረደውም። ታዲያ በእነዚህ ያልተጠቀምንበትን ሚዛን ለተስፋዬ ብቻ ያወጣነው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መጽሐፉ የነካው ቁስል ገና አልዳነም። በ1870ዎቹ ዓ.ም. የምኒልክ ጦር፣ በመጨረሻም በራስ ዳርጌ አዝማችነት፣ አርሲን ለማስገበር ለዓመታት ተዋግቷል። በዚያ ዘመን በአኖሌ እጅና ጡት ተቆረጠ የሚለውን ታሪክ የአርሲ ሽማግሌዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርዱት ኖረዋል፤ የጽሑፍ ማስረጃው አይበቃም ብለው የሚከራከሩም አሉ። በ2006 ዓ.ም. በሔጦሳ ወረዳ፣ ጡት የያዘ እጅ የሚያሳየው የአኖሌ ሐውልት ሲመረቅ፣ «ይህ ሐውልት ከልብ ወለድ የተወለደ ነው» ያሉ ነበሩ።

ነገሩ የሚደባለቀው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌው ለልጅ ልጃቸው የነገሩት ነገር፣ የተስፋዬ ወላጆች ኤርትራውያን ስለ ሆኑ ሐሰት አይሆንም፤ ተስፋዬ በልብ ወለድ ስለ ጻፈውም እውነት አይሆንም። አኖሌ የታሪክ ጉዳይ ነው፤ የሚመረመረውም በታሪክ መንገድ ነው። ዶክተር አባስ ሐጂ ገነሞ ስለ አርሲ ኦሮሞ መወረርና ተጋድሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1974 ያለውን ዘመን የሚመረምር መጽሐፍ በ2014 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ይህን የመሰለውን ጥናት ሳይገልጥ፣ ሽማግሌም ሳይጠይቅ፣ ልብ ወለድ ብቻ ታጥቆ ስለ አኖሌ የሚሟገት ተማሪ፣ ምስክር ሳይዝ ችሎት የቀረበ ባለጉዳይ ነው።

ልብ ወለዱን በልብ ወለድነቱ ስንመዝነው ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው። የአርሲው ገበሬ በራሱ አንደበት ይናገራል ወይስ ደራሲው የዘመኑን ፖለቲካ በአፉ ያስቀምጥለታል? ባላንጣው ሰው ሆኖ ተሥሏል ወይስ ጭራቅ ብቻ ነው? አንድ ሰው ገጽ ጠቅሶ «እዚህ ላይ ጋዜጠኛው ደራሲውን ገፍቶታል» ብሎ ቢያሳየኝ፣ ያን ጊዜ የደራሲው የኋላ ታሪክ ለነገሩ ማስረጃ ይሆናል፤ እኔም አመሰግነዋለሁ። ገጽ ሳይጠቅስ ስም የሚጠራ ግን ሒስ ሳይሆን ሐሜት ይዞ መጥቷል።

በሌላው ዓለምም ይህን የመሰለ ሙግት ተደርጓል። በ1967 እ.ኤ.አ. በቨርጂኒያ የተወለደው ነጭ አሜሪካዊ ደራሲ ዊልያም ስታይረን፣ በ1831 የባሮችን አመፅ ስለ መራው ስለ ናት ተርነር፣ በባርያው አንደበት የሚተረክ ልብ ወለድ አሳተመ። መጽሐፉ የፑሊትዘርን ሽልማት ሲያገኝ ብዙ ጥቁሮች ተቆጡ። በ1968 አሥር ጥቁር ጸሐፊዎች መልሳቸውን በአንድ መጽሐፍ አወጡ። የደራሲውን ነጭነት አልዘነጉትም፤ ነገር ግን በዚያ ብቻ አልቆሙም። ልብ ወለዱን ከታሪኩ ጋር እያስተያዩ፣ ለምሳሌ ናት ተርነር ሚስት እንደ ነበረችው እየታወቀ ለምን እንደ ተተወች ጠየቁ። ጀምስ ባልድዊንን የመሰለ ጥቁር ደራሲ ደግሞ ለስታይረን ተከራከረለት። ቁጣቸው ወደ ንባብና ወደ ጽሕፈት ተለወጠ፤ የእኛ ቁጣ ግን ከመኝታ ቤት ክርክር አልፎ አያውቅም።

ደግሞም የደራሲውን ሥር የሚጠይቅ አንባቢ የራሱንም ሥር መጠየቅ ይገባዋል። በአሰላ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ከተማርነው መካከል ቅድመ አያቱ ከራስ ዳርጌ ጦር ጋር የመጣ አለ፤ ቅድመ አያቱ በዚያ ጦር የወደቀም አለ፤ ከሁለቱም የተወለደ ደግሞ ብዙ ነው። የመጀመሪያው እያንዳንዱን ገጽ እንደ ክስ፣ ሁለተኛው እንደ መታሰቢያ ሐውልት ያነበዋል። ይህ የሰው ልጅ ጠባይ ነውና አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው «እኔ በሚዛናዊ ዓይን አነባለሁ፤ ዘሩ ያሳወረው ደራሲው ብቻ ነው» ማለት ነው። ከሁለቱም የተወለደውስ መጽሐፉን እንዴት ያንብበው? ይህን ጥያቄ ያነሣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በዚህ መጽሐፍ ላይ ግልጽ ክርክር ይዘጋጅ፤ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያላነበበ እንዲያዳምጥ እንጂ እንዲናገር አይፈቀድለት። ሁለተኛ፣ ለዕረፍት ወደ ሔጦሳ፣ ወደ ጢዮና ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች የምንሄድ ተማሪዎች የየቤታችንን ሽማግሌዎች ጠይቀን፣ የሰማነውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ በአማርኛም በኦሮምኛም እንጻፍ። ስለ አገራችን ባዕድ ጻፈብን ወይም ጻፈልን እያልን ከምንከራከር፣ ስለ ምን እስከ ዛሬ እኛ እንዳልጻፍን ብንጠይቅ ይሻላል። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። ከምንጩ አጠገብ ያደገ ሰው፣ ውኃውን ሌላ ቀዳው ብሎ ከመቆጣቱ በፊት የራሱን እንስራ ይዞ ይውረድ።