ከብርዱ በኋላ አልነሳ ላለች ሞተር ሳይክል

መጋቢት ሲገባ አትላንታ ይሞቃል፤ ከኅዳር ጀምሮ ሸራ ለብሳ የቆመችውም ሞተር ሳይክል ትወጣለች። ባትሪው ተሞልቷል፣ ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል፣ ሞተሩ ግን ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም ይላል። ወይም ቾክ ሲሳብ ይነሳና ሲመለስ ይጠፋል። ከክላርክስተን ሌሊት ወጥቶ ሥራ ለሚገባ ሰው ይህ የደመወዝ ጉዳይ ነው። «ካርቡራተሩ ሞቷል» ይባልና አዲስ ይገዛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አልሞተም፤ ተደፍኖ ነው።

ጥፋቱ የቤንዚኑ ነው። በጆርጂያ ማደያዎች የሚቀዳው አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ኢታኖል እርጥበት ይስባል፤ ቤንዚኑም ለወራት ሲቆም እየተነነ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። ቀድማ የምትደፈነው የሚኒሞዋ ቀዳዳ ናት፤ እጅግ ጠባብ ነችና።

ሥራው ደጅ ይሠራ። በብዙ ቤቶች በጋዝ የሚነደው የውሃ ማሞቂያ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተስቦ እሳቱ ዘንድ ይደርሳል። በዚህ ቸል ማለት ቤት ያቃጥላል።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ነው። ከመፍታት በፊት ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ሥራ ይመስላል። የጃፓን ሞተሮች ብሎን በተራ ባለመስቀል ካቻቢቴ ሲፈታ ራሱ ይበላል፤ ለእርሱ የተሠራውን መያዝ ነው። የቅልቅሉን ብሎን ከማውጣት አስቀድሞ፣ ሳይጠብቅ እስኪቆም ድረስ ስንት ዙር እንደገባ ተቆጥሮ ይጻፋል። ጎማዎቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ በካርቡራተር ማጽጃ መንከር፣ ቀዳዳዎቹንም በአየር መንፋት ነው። በሽቦ የጎረጎረ ቀዳዳውን ያሰፋል፤ ያኔ በእርግጥ አዲስ መግዛት ይመጣል። ቤንዚን የምትዘጋዋ መርፌና ጓርኒሲዮኑ ግን በአዲስ ይለወጡ።

አዲስ አበባ ሙያውን የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ለሳሳ አየር ትንሽ ቤንዚን ይበቃል። አትላንታ 320 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የለመደውን ትንሽ ጄት እዚህ የሚያስገባ ሰው ሞተሩን ያስርበዋል፤ የተራበ ሞተር ይግላል፣ ፒስተን እስከማቅለጥም ይደርሳል። በኩባንያው መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይከበር።

ሌላው ችግር ቋንቋ ነው። የአዲስ አበባ ጋራዥ የሚናገረው ጣልያን ትቶት የሄደውን ነው። እዚህ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ካንዴላ «ስፓርክ ፕለግ»፣ ጓርኒሲዮን «ጋስኬት»፣ ፍሪሲዮን «ክለች» ነው። ካርቡራተር ብቻ ስሙን ሳይለውጥ ተሻግሯል ማለት ይቻላል።

ማስተካከሉ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው። የቅልቅሉ ብሎን ወደ ሞተሩ በኩል ከሆነ ሲላላ ቤንዚን ይጨምራል፤ ወደ አየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ የሚጨምረው አየር ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ሩብ ሩብ ዙር እያሉ፣ ሞተሩ ሳይንገዳገድ ፈጥኖ የሚዞርበት ላይ ማቆም፣ ከዚያ ሚኒሞውን ዝቅ ማድረግ። ከጥቂት ማይል በኋላ ካንዴላው ሲወጣ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ከነጣ አንሶታል፤ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። አራት ካርቡራተር ያላት ሞተር ግን እርስ በርስ መመጣጠንም ስለሚያሻት መለኪያ ላለው ባለሙያ ትሰጥ።

ለመጪው ኅዳር ደግሞ ሞተሯ ሳትቆም የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግቶ እስክትጠፋ ማስነሳት፣ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውንም የማፍሰሻ ብሎን ፈትቶ የቀረውን በዕቃ መቀበል ነው።