ከውኃ ወጣ ማለት ዳነ ማለት አይደለም!



ክረምት በገባ ቁጥር ድንጋይ የወጣባቸው የካባ ጉድጓዶች በጎርፍ ይሞላሉ፤ ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆችም ዋና እንማር እያሉ ይገቡባቸዋል። አንዱ ሰምጦ ሲወጣ ሰፈርተኛው ቁልቁል ዘቅዝቆ ያራግፈዋል፤ ልጁ አስሎ ዓይኑን ሲገልጥ «እሰይ፣ ተረፈ!» ተብሎ ወደየቤት ይኬዳል። እኛ ይህን አጉል ልማድ አጥብቀን እንቃወማለን።

ለምን ቢባል፣ የሰመጠ ሰው ውኃው ሆዱ ብቻ ሳይሆን ሳንባውም ይገባል። ሳንባው በሰዓታት ውስጥ ሊታወክ ይችላል። ሌላም የተደበቀ ጠላት አለ። ፍሳሽ፣ ፍግና ጭቃ በተቀላቀለበት የቆመ ውኃ ውስጥ ሴዶስፖሪየም የሚባል ሻጋታ ይኖራል። ይህ ሻጋታ ሳንባ ከገባ ጤነኛውን ሰው ሳይቀር ይይዛል፤ በደም ተጉዞም አንጎል ውስጥ መግል ይቋጥራል። እ.ኤ.አ. በ2004 በሕንድ ውቅያኖስ፣ በ2011 ደግሞ በጃፓን ከደረሰው የሱናሚ ማዕበል ከተረፉት ውስጥ በዚሁ ሻጋታ የታመሙ እንደነበሩ ሐኪሞች ጽፈዋል።

በሽታው ዘወትር የሚያጋጥም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ክፋቱ አዘናግቶ መምጣቱ ነው። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት አልፈው፣ ነገሩ ከተረሳ በኋላ ትኩሳት፣ ሳል፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም መንፈራገጥ ይከተላል። ያን ጊዜ እኛ ምን እንላለን? «ምች ነው»፣ «ዓይነ ጥላ ነው»! ወይም ካፕሱል ገዝተን እናስውጣለን። ኧረ ወገን፣ የባክቴሪያ መድኃኒት ሻጋታን አይነካም! ለብዙ ሻጋታ የሚሰጠው አምፎቴሪሲን እንኳ ይህንን ብዙ ጊዜ አይበግረውም፤ የሚመረጠው ቮሪኮናዞል ነው። እሱም ለወራት ይወሰዳል፤ መግሉን በቀዶ ጥገና ማውጣትም ሊያስፈልግ ይችላል። ሰምጠው ወጥተው በዚህ ሻጋታ መያዛቸው ከተመዘገበው ሕሙማን አብዛኞቹ ሞተዋል፤ አንዱ ምክንያት በሽታው ዘግይቶ መታወቁ ነው። ሐኪሙስ ቢሆን «ከሁለት ወር በፊት ሰምጦ ነበር» የምትለዋን ቃል ካልሰማ በምን ይጠርጥር?

«ልጁ ደኅና ነው፤ ለምን ገንዘብ እናወጣለን?» የሚሉ አይጠፉም። የአንድ ቀን ምርመራና የወራት ሕክምና የቱ ይከብዳል? ከቀብር ወጪስ የቱ ይሻላል?

ስለዚህ፦

1ኛ/ ሰምጦ የወጣ ሁሉ፣ ደኅና ቢመስልም፣ በዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ትንፋሽ ለሌለው ባፍ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን እንጂ መዘቅዘቅ አይጠቅመውም።

2ኛ/ የሰመጠበት ቀንና የውኃው ዓይነት በቤተሰብ ይጻፍ፤ በተከታዮቹ ወራት ቢታመም ለሐኪም በቅድሚያ ይነገር።

3ኛ/ ድንጋዩን አውጥቶ፣ ትርፉን ወስዶ፣ ጉድጓዱን ለልጆቻችን ትቶ የሚሄድ ሁሉ ይድፈን ወይም ይጠር! እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ፤ እሾህም ቢሆን ቆርጠን እንጠረው።

ሳይቃጠል በቅጠል!