ችሎቱ ሲዘዋወር ፍርዱ የማን ነበር?

ጋልብሬዝ ኮል የሚባል ባለርስት ሰፋሪ በ1911 በዛሬዋ ኬንያ ምድር በግ ሰርቋል ብሎ የጠረጠረውን አፍሪካዊ ተኩሶ ገደለ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መተኮሱን አልካደም። ጉዳዩን ያየው ጁሪ ግን እንደሱ ነጭ ሰፋሪ ከሆኑ ሰዎች የተውጣጣ ስለነበር በነፃ አሰናበተው። ለንደን አፍራ ሰውየው ከቅኝ ግዛቱ እንዲባረር አዘዘች። ተባረረ፤ ኋላም ተመልሶ ገባ።

ይሄ የአንድ ችሎት ስህተት አልነበረም፣ ሕጉ ራሱ እንደዚያ ተሠርቷል። ነጭ በከባድ ወንጀል ሲከሰስ የሚፈርዱት ነጭ የጁሪ አባላት ናቸው። አፍሪካዊ ሲከሰስ ጁሪ የለም። ዳኛው አጠገብ አማካሪ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ሃሳባቸው ይጠየቃል፣ ዳኛው ግን እንዳልሰማ ማለፍ ይችላል። በአንድ አገር፣ በአንድ ፍርድ ቤት፣ የአንዱ ወገን ቃል ፍርድ ሲሆን የሌላው ቃል ምክር ብቻ ነበር።

በ1923 ኪቶሽ የተባለ ወጣት ሠራተኛ የአሠሪውን ፈረስ እየመራ መሄድ ሲገባው ጋልቧል ተብሎ ተገረፈ፤ ታስሮ አደረና ሞተ። ናኩሩ ላይ በተሰየመው ችሎት ልጁ የሞተው መሞት ስለፈለገ ነው የሚል ክርክር ቀረበ። አዎ፣ በሐኪም ምስክርነት ተደግፎ! ጁሪው «ከባድ የአካል ጉዳት» ብሎ ወሰነ፣ ቅጣቱም ሁለት ዓመት እስራት ሆነ። ለንደን በድጋሚ ተቆጣች። በ1930 ከሕንድ የተቀዳው የወንጀል ሕግ በእንግሊዝ መንገድ በተጻፈ ሕግ ተተካ። የሕጉ አንቀጽ ተቀየረ፣ የጁሪው ወንበር ግን እዚያው ቀረ።

«ነጭ ጁሪ በነጭ ላይ ፈርዶ ያውቃል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ፒተር ፑል ውሻዬን በድንጋይ መታ ብሎ አንድ አፍሪካዊ ገድሎ በነጭ ጁሪ ጥፋተኛ ተባለ፣ ብዙ ሰፋሪዎች የምሕረት ፊርማ ቢያሰባስቡለትም በነሐሴ 1960 ተሰቀለ። አፍሪካዊ ገድሎ የተሰቀለ ነጭ ግን በዚያ ቅኝ ግዛት ታሪክ ከሱ ሌላ የለም። እሱም ቢሆን ነፃነት ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው።

ተዘዋዋሪ ችሎትስ? ለሕዝብ ቅርብ የሆነ ፍርድ ቤት ማንም የሚመኘው ነገር ነው። ኬንያ ውስጥ ግን በማው ማው ዘመን፣ በ1953፣ ሌላ መልክ ነበረው። ልዩ የአስቸኳይ ጊዜ ችሎቶች ተቋቁመው ግጭቱ ወዳለባቸው አውራጃዎች ወረዱ። የቅድሚያ ምርመራው ሥርዓት ተዘለለ። ነገሩ ሁሉ ፈጠነ፤ የተፈለገውም ይኸው ነበር። አመፁ እስኪያበቃ የተሰቀሉት 1,090 ናቸው፣ ብዙዎቹም የተፈረደባቸው በግድያ ሳይሆን መሣሪያ በመያዝ፣ ከታጣቂ ጋር በመገኘት፣ ቃለ መሐላ በማስፈጸም ነው። ዴዳን ኪማቲ በ1956 ኔሪ ላይ ሲዳኝ ሦስት አፍሪካውያን አማካሪዎች ተቀምጠው ነበር። ሦስቱም ጥፋተኛ ነው አሉ። «አይደለም» ቢሉስ ምን ይፈይድ ነበር? በሕጉ መሠረት የመጨረሻው ቃል የዳኛው ብቻ ነው።

ጁሪው ከቅኝ ግዛቱ ጋር አከተመ፤ ያዘነለት ካለ ሰፋሪው ነው። አማካሪዎቹ ግን ነፃነት ካመጣው መንግሥትም ጋር ከአርባ ዓመት በላይ ቆይተው በ2007 በሕግ ተሰረዙ። የቀረበው ምክንያት ጥቅም የላቸውም የሚል ነበር። ቃሉ የማያስገድድ ሰው ጥቅም ከየት ያመጣል? ድምፅ ሰጥቶ መሞከር ሲቻል ወንበሩን ማንሳት ቀለለ። ዛሬ የኬንያ ተንቀሳቃሽ ፍርድ ቤቶች ወደ ደረቁ ሰሜን እየተጓዙ ያስችላሉ፣ መልካም ሥራ ነው። ፍርዱን ግን የሚሰጠው አሁንም ከመኪና የወረደው ዳኛ ብቻ ነው፣ ከብቱና ውሃው የማን እንደሆነ የሚያውቁት የአካባቢው ሽማግሌዎች ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠው ያዳምጣሉ።